ካርዳቸው የወፈረ ሰዎች

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ ነገሥታት አልጽፍም። ስለ ካርድ ክፍል ነው።

እናቴ እዚሁ ሀና ማርያም ከእኛ ጋር በኖረችባቸው ዓመታት ሐኪም ቤት አዘውታሪ ነበረች። አንዴ ራሴን ያቃጥለኛል፣ አንዴ ጨጓራዬን፣ አንዴ ልቤ ድው ድው ይላል። ትመረመራለች፣ "ምንም የለብዎትም" ትባላለች፣ በሳምንቱ ተመልሳ ሰልፍ ላይ ናት። አንድ ቀን ካርድ የምታወጣው ልጅ "እማማ ዛሬም መጡ?" ስትላት ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ታሪክ አስተማሪ ሲቆጨው ምን ያደርጋል? ያነባል። ለካ ጉዳዩ የቆየ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሚካኤል ባሊንት የሚባል የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም በ1950ዎቹ ለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ የሰፈር ሐኪሞችን እየሰበሰበ ስለሚያስቸግሯቸው ታካሚዎች ያወያያቸው ነበር። በ1957 ባወጣው መጽሐፍ፣ በሰፈር ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚታዘዘው መድኃኒት ሐኪሙ ራሱ ነው አለ። ችግሩ፣ የዚህን መድኃኒት መጠንና የጎን ጉዳት ያጠና አልነበረም።

እኛም አገር ተነክቷል፣ ያውም በጃንሆይ ዘመን! ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል አዲስ አበባ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ከገዛኸኝና ከቫን ላይክ ጋር ሆኖ የ200 ተመላላሽ ታካሚዎችን የአእምሮ ጤና አጥንቶ በ1968 አሳተመ። ልብ በሉ፣ አማኑኤል የተኙ ሕሙማን አይደሉም፤ እንደ እናቴ ተራ ሕክምና ፈልገው የመጡ ናቸው። በዚያው ዓመት ሦስቱ ስለ ጊዮን፣ ማለትም ስለ ወሊሶ፣ የእምነት ፈውስና የመንፈስ ልክፍት ጻፉ። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። የእኛ ሰው ጠዋት ካርድ ያወጣል፣ ከሰዓት ጠበል ይሄዳል፤ ሁለቱንም በር ያዩ ተመራማሪዎች ግን ብዙ አይደሉም።

የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013 ነው፣ ከዚያ ጥናት 45 ዓመት በኋላ። እናቴን ግን በሄደች ቁጥር ሌላ ሰው ነበር የሚያያት። አሥር ሰው አንድ አንድ ጊዜ ሲያይሽ ማን ይቆጥርልሻል?

ካረፈች በኋላ የቀጠሮ ወረቀቶቿንና የመድኃኒት ማዘዣዎቿን በፌስታል ታስረው አገኘኋቸው። በቀን ደረደርኳቸው፤ የሙያ አመል ነው። የመጀመሪያው ታናሽ ወንድሜ በሱዳን በኩል ወጥቶ ስልኩ በጠፋ በሦስተኛው ሳምንት የተጻፈ ነው። ከዚያ በፊት አንድም የለም።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ እንዲህ የሚመላለስ ሰው ሲገጥማችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት እስቲ ጻፉልኝ።