ከጋሪው እስከ ካሴቱ፦ የመዝናናት ታሪክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የአንድ አገር ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ጦርነቱ ይጻፋል፤ ግብሩና ሹም ሽሩ ይጻፋል። ሕዝቡ ከእርሻና ከአጨዳ ውሎው በኋላ ምን እያደመጠ፣ ምን እያየ፣ በምን ልቡን እያሳረፈ ኖረ የሚለው ጥያቄ ግን ከጸሐፊው ብዕር ያመልጣል። ያመለጠበትም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። መዝናናት የባለጸጋ፣ ድካም የድኻ ዕድል ተደርጎ ሲታይ በመኖሩ፣ የገበሬው ደስታ ሠርግ ወይም ዓመት በዓል ካልሆነ በቀር ታሪክ ያለው አይመስለንም። በተለይም ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥተው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስማቸው ከድርቅና ከእርዳታ እህል ጋር እየተቆራኘ ስለሚነሣ፣ የእነዚህ አገሮች ሰው በምን ይደሰታል ብሎ መጠየቅ ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለዋል።

ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። ዛሬ የአገሩ ወጣት በተራው ቀን ልቡን የሚያሳርፍባቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ሙዚቃው፣ ፊልሙና መኪናው፣ ለመዝናኛነት ታስበው የመጡ አይደሉም። መንኰራኩር መጀመሪያ የመጣው መድፍ ተሸክሞ ነው። ሲኒማ ወደ ጎንደር የገባው ከወራሪ ጦር ጋር ነው። ድምፅ ማጉያ ያለው ሙዚቃም በአመዛኙ የመንግሥትን መፈክር አንግቦ ነው የደረሰው። እነዚህን የኃይል መሣሪያዎች ተቀብሎ ወደ ራሱ ደስታ የለወጣቸው ሕዝቡ ነው፤ ይህም ለውጥ እንደ ማንኛውም የኅብረተሰብ ለውጥ ሊመረመር ይገባዋል።

በቅድሚያ ስለ ጆሮው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጆሮ ባይሠለጥን ኖሮ ሸክላውም ካሴቱም ከንቱ ጩኸት በሆነ ነበር። ጋይንት ለዜማ እንግዳ አገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዐት ድጓን የተማረ ሰው መምህርነቱን የሚያስመሰክረው በጋይንት በምትገኘው በቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥእትም ማስመስከሪያ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ ነው። ጥቂት ፈቀቅ ሲሉም ደብረ ታቦር በአቋቋም ትታወቃለች። ከዚህ የተነሣ ከብዙ አቅጣጫ ደበሎውን ለብሶ፣ አኰፋዳውን አንግቶ የሚመጣ የቆሎ ተማሪ ለብዙ ዘመናት በእነዚህ መንደሮች ውስጥ ሲያዜም ኖሯል። ዘሩን የሚጎለጉለው ገበሬ፣ ውሃ የምትቀዳው ልጃገረድ ትርጉሙን ይወቁትም አይወቁትም ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ በጆሯቸው ለይተው ነው ያደጉት። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጓቸው የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች፣ ድፋቱና ጭረቱ፣ ይዘቱና ደረቱ፣ ድምፅን በብራና ላይ ለማኖር የተፈለሰፉ ናቸው። ይህም ኤዲሰን ድምፅ የሚቀዳውን መሣሪያ ከመሥራቱ ከ300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ከቅጽሩ ውጭ ደግሞ አዝማሪው አለ፤ ማለዳ ከደጅ ቆሞ የሚያዜመው ላሊበላ አለ፤ እረኛው ከነዋሽንቱ፣ አልቃሽዋ ከነሙሾዋ አለች። ካህኑ አዝማሪውን አይወደውም፤ ባላባቱም ሲያወድሰው እየሸለመ፣ ሲነካው እያስገረፈ ዝቅ አድርጎ ነው ያኖረው። ይሁንና አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን መዘምሩም ከዚያው የተቀዳ ነው። ሕዝቡ ከሌሊት ማሕሌት ወጥቶ ከምሽት ማሲንቆ ሲገባ ሁለት ጆሮ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ መንኰራኩሩ እንመለስ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ይህን መድፍ በጋሪ እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆ፣ ከዚያም ዳገቱን ወጥተው ወደ ዋድላ፣ ጅጣን ተሻግረው ወደ ደላንታና ወደ በሽሎ አቀኑ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ የሚሠራው ጋሪው ከመድረሱ በፊት በዶማና በእጅ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡና ሲያስተካክሉ ይውሉ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። እግረኛ በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጀ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ በሚያዝያ 6 ቀን ሕይወታቸው አለፈ።

የመድረካችን ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በዚያች የመጨረሻ ጥይት ላይ ነው። እኔም ተውኔት ጸሐፊ እንደ መሆኔ ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለሁም። ነገር ግን ለጋይንት ሰው ከጥይቷ ይልቅ ጋሪው ትልቅ ታሪክ ነው። በአገሩ ዳገት ላይ ይህን የሚያህል መንኰራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሽከረከረው ያን ጊዜ ነው፤ ያሽከረከረውም ሞተር ሳይሆን የሰው ትከሻ ነው። የሚጎትተው ሰው ጋሪውን በደስታ አላየውም። ከዚያ በኋላ አንድ ትውልድ አልፎ ሌላው ሲተካ እንኳ አገሩ ለመንኰራኩር የሚሆን መንገድ አላገኘም።

ሞተር ያለው መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለ ሙዚቃና ስለ መኪና በአንድነት የሚናገር ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይችልም። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ በዚያው ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ጥበብ ተማሩ። እዚያም ሳሉ በማሲንቆ ያቀነቀኗቸው ዘፈኖች በሸክላ ተቀዱ፤ በኢትዮጵያውያን ድምፅ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች እንደሆኑ ይታወቃል። ሲመለሱም የቤተ መንግሥቱን መኪና የሚነዱ ሆኑ። እንግዲህ በአገራችን መሪ የጨበጠው እጅና ማሲንቆ የገዘገዘው እጅ ገና ከመነሻው የአንድ ሰው እጅ ነበር። ይህ አጋጣሚ ቢመስልም እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ከሰባ ዓመት በኋላ በጨጨሆ ዳገት ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ከዚያ በፊት ግን የጠላት ወረራ መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ በጅምላ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ወገኖች መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ይገኙበታል። አንድ ዘመናዊ ጦር፣ አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ ጦር፣ ባለ አንድ ክር ማሲንቆን ፈርቶ ጥይት ማባከኑ የዘፈንን ኃይል ከማናቸውም የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ይበልጥ ይመሰክራል። የሚያስገርመው ይኸው ገዢ በዚያው ጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎንደር ከተማ ላይ ሲኒማ ቤት ማነጹ ነው። አዳራሹ ለጣልያኖቹ መደሰቻና ለፋሽስቱ ዝና መንዣ የታሰበ ነበር። የአገሬውን ድምፅ አፍኖ የራስን ሥዕል ማሳየት፣ የቅኝ ገዢ የባህል ፖሊሲ በአጭሩ ይኸው ነው። ጠላት ተባሮ አዳራሹ ለአገሬው ሲቀር ግን የጎንደር ልጅ ያንኑ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ሳቅ ሳቀበት።

ለጋይንትና ለጎረቤቶቹ ግን ጎንደር ሩቅ ነበረች። አገሩን በእርግጥ የለወጠው ከ1963 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱ በኋላ የተሠራው፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርደው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቻይናውያን መሐንዲሶች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ዐለቱን ፈልጠው አወጡት፤ ሕዝቡም የቻይና መንገድ አለው። መንገዱ ጨጨሆ ላይ ሲደርስ የቴዎድሮስ ጋሪ የተጨነቀበትን ዳገት ነው የሚይዘው።

በዚህ መንገድ ላይ ኤንትሬው መጣ። ኤንትሬ የፊያት ከባድ መኪና ነው፤ ሹፌሮች ከጣልያንኛው የሞዴል ስም ያወጡለት ስያሜ ነው። ዳገት ሲወጣ ድምፁ ከሩቅ መንደር ይሰማል፤ ልጆችም ከብት ጥለው ወደ መንገዱ ይሮጣሉ። መኪናን የማየት ደስታ ከመኪና የመሳፈር ደስታ ቀድሞ ነው የመጣው። የትኛው መኪና በድምፁ እንደሚታወቅ፣ የትኛው ሹፌር በጥሩንባው እንደሚለይ መከራከር የእረኛ ጨዋታ ሆነ። ከሽቦ መሪ፣ ከጎማ ጫማ ቁራጭ መንኰራኩር እየሠራ መኪና የሚነዳ ሕፃን በየመንደሩ ታየ። እኔ ይህን የሽቦ መኪና ከሕዝብ የእጅ ጥበብ ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ በቤተ መዘክሮቻችን ከጋሻውና ከዋንጫው ጎን ቢቀመጥ አያሳፍርም።

ከመኪናውም ጋር ካሴቱ መጣ። ሸክላ ማጫወቻ የሀብታም ቤት ዕቃ ነበር፤ በሸክላ የተሠራው የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወደ ገጠሩ በሰፊው የገባው የካሴት ቴፕ ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ቴፑን በየዳገቱ ተሸክሞ የዞረውም ሹፌሩ ነው። ንፋስ መውጫ ወይም ጋሳይ ላይ ለምሳ የቆመ መኪና ቴፑን ከፍ ሲያደርግ ሰው ይከብበዋል። ገበሬው ዘፋኙን በስም ከማወቁ በፊት ዘፈኑን ከመኪናው ስም ጋር አያይዞ ያውቀዋል። የነጋድራስ ተሰማ መሪና ማሲንቆ በዚህ ዓይነት ዳግመኛ ተገናኙ። አዝማሪውም ዝም አላለም። ጎማውን፣ ሹፌሩን፣ በመኪና የሄደችውን ወዳጅ እየጨመረ በግጥሙ ውስጥ አስገባ፤ ፈረስ ይወደስበት የነበረው ቃል ለመኪና ዋለ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጡት የኪነት ቡድኖች ሰፊ ምዕራፍ ይገባቸዋል፤ እዚህ ግን ባጭሩ ላንሣቸው። በጎንደር ፋሲለደስ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ፣ በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ሲታወቁ፣ በየአውራጃውና በየቀበሌውም ትናንሽ ቡድኖች ተቋቋሙ። የተቋቋሙት ሕዝቡን ለዘመቻና ለመፈክር ለማንቃት ነበር። ካድሬው መድረኩን በመፈክር ይከፍታል፣ በመፈክር ይዘጋል፤ ሕዝቡ ግን መካከሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። መፈክሮቹ ተረስተዋል፤ እስክስታውና ዜማው አልተረሱም። እንዲህ ስል የኪነቱን አስተዋጽኦ ለማቃለል አይደለም። ባህሉ ዝቅ አድርጎ ያያቸው ማሲንቆ መቺዎች በመንግሥት መድረክ ላይ ባለሙያ ተብለው የቆሙት በዚያ ዘመን ነው።

ፊልም ከሦስቱ ዘግይቶ የደረሰ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በትናንሽ ከተሞች ጀነሬተርና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቪዲዮ ቤት ይከፍት ጀመር። ጭቃ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የቆመ ገንዘብ ተቀባይ። የሚታየው በአብዛኛው የህንድና የአሜሪካ ፊልም፣ ኋላም የእንግሊዝ እግር ኳስ ነበር። መምህራን የቪዲዮ ቤትን ስም በቁጣ ነበር የሚያነሡት፤ ተማሪ ከክፍል ይቀርበት ስለ ነበር ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የጎንደር ልጅ ኃይሌ ገሪማ፣ የጎንደርን አርበኞች ታሪክ “ጎንደሬ በጋሻው” ብለው የጻፉት የአባ ገሪማ ታፈረ ልጅ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” የተባለውን ፊልም የሠራው ስለ ገበሬ ነው። የጭሰኛን ቤተሰብ ውሎ፣ የእርሻውን ዝግታ፣ የባላባቱን ጩኸት ያሳያል። ዓለም በየፌስቲቫሉ አየው። ገበሬው በራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን የሚያይበት ምሽት ግን ያን ያህል አልተዘጋጀለትም።

ስለ መንገዱ ስናገር ሁሉም የደረሰው እንዳይመስል። አውራ ጎዳናው ሲሠራም ኋላ አስፋልት ሲለብስም በንፋስ መውጫ በኩል አለፈ እንጂ ወደ ስማዳ ወገዳ ወይም ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ አልወረደም። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚያዘቀዝቁት ቀበሌዎች የመኪና ድምፅ ለመስማት ብዙ ዓመት ጠብቀዋል። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ ገበሬውም በእህል ወይም በጥቂት ብር ክፍያ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ የቀበሌ መንገድ ነው። በ1860 ዓ.ም. ለመድፍ የተቆፈረው አፈር በልጅ ልጆቹ እጅ እንደገና ተቆፈረ፤ በዚህኛው ላይ ግን ሠርግ የሚያደርስ አይሱዙም ያልፍበታል። መንገድ ደስታን ብቻ አያመጣም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነት በዚያው አስፋልት ንፋስ መውጫ ገብቶ በከተማው ሰው፣ በተለይም በሴቶች ላይ ያደረሰው ግፍ ተመዝግቧል።

በኋለኞቹ ዓመታት ካሴቱ ቀርቶ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ መሸጥ ጀመረ። በወረዳ ከተሞች ስልክ የሚጠግን ወጣት ከባጃጅ ሹፌር ተቀብሎ የሚጭንለት የዘፈን ዝርዝር የጉራማይሌ ነው፤ የባህል ዘፈን፣ የአዲስ አበባ አልበም፣ መዝሙር፣ አንዳንዴም ከማሕሌት የተቀዳ ወረብ። ባጃጁ እሑድ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን እያሰማ ሰው ያመላልሳል፤ ከተሳፋሪዎቹም መካከል ድጓውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤተልሔም የሚወርድ የቆሎ ተማሪ አይጠፋም።