የብየዳ ማሽን ራሱን የመራበት መንገድ

በአርክ ብየዳ የኤሌክትሮዱን ጫፍ ከሚበየደው ብረት የሚለየው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ በመካከሉ የሚነደው የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ ማለትም አርኩ፣ ይጠፋል፤ ከጠበበ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ኤሌክትሮዱ እየቀለጠ ስለሚያጥር በያጁ እጁን ያለማቋረጥ ዝቅ እያደረገ ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ1888 በሩሲያዋ ፔርም በሚቀልጥ የብረት ኤሌክትሮድ የበየደው መሐንዲስ ኒኮላይ ስላቭያኖቭ፣ ይህን የእጅ ሥራ የሚተካ መቆጣጠሪያም ሠርቶ ነበር።

በኋላ የመጡት አውቶማቲክ ማሽኖች የአርኩን ቮልቴጅ እየለኩ ኤሌክትሮድ ሆኖ የሚገባውን ሽቦ ያፈጥኑና ያዘገዩ ነበር። አሠራሩ ትክክል ቢሆንም መሣሪያው ውስብስብ ሆኖ ቶሎ ይበላሽ ነበር። መፍትሔው የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። የቭጌኒ ፓቶን የሚመራው የኪየቭ የብየዳ ተቋም ወደ ኡራል፣ ወደ ኒዥኒ ታጊል ተዛውሮ የቲ-34 ታንኮችን አካል በማሽን ያስበይድ ነበር። የተቋሙ ባልደረባ ቭላዲሚር ዲያትሎቭ በ1942 አርኩ ራሱን በራሱ እንደሚያስተካክል አሳየ። ሽቦው በአንድ ወጥ ፍጥነት እየገባ አርኩ ቢያጥር የኤሌክትሪክ ጅረቱ ያድጋል፤ ሽቦው በፍጥነት ይቀልጥና ክፍተቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቢረዝም ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ ፍጥነቱ የማይለዋወጥ ተራ ሞተር በቂ ሆነ። ቁጥጥርን የሚጨምሩ ፈጠራዎች በበዙበት ዘርፍ ትልቁ እርምጃ ቁጥጥርን የቀነሰው መሆኑ ያስገርማል።

ሮቦቶች የመጡት ያለ አርክ ብረቶችን ነጥብ በነጥብ በሚያያይዘው በነጥብ ብየዳ በኩል ነው። በ1969 ጄኔራል ሞተርስ በኦሃዮ ሎርድስታውን ፋብሪካው የመኪና አካል የሚበይዱ ዩኒሜት ሮቦቶችን አሰማራ። በ1974 የስዊድኑ አሴአ ኢንቴል 8008 ማይክሮፕሮሰሰር የሚመራውን አይአርቢ 6 አወጣ፤ እንዲህ ያለው ሮቦትም ብዙ ሳይቆይ አርክ ብየዳ ውስጥ ገባ። ይሁንና ዲጂታል የሆነው የክንዱ እንቅስቃሴ እንጂ አርኩ አልነበረም። ሮቦቱ የኃይል ምንጩን «ጀምር» እና «አቁም» ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር።

አርኩ ዘንድ ለመድረስ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ፣ ኢንቨርተር የተባለ የኃይል ምንጭ አስፈለገ። በአጭር አርክ ብየዳ ከሽቦው የሚንጠለጠለው ጠብታ ቀልጦ የተጠራቀመውን ብረት ሲነካ ጅረቱ በድንገት ያሻቅባል፤ የጠብታው ቀጭን አንገትም እንደ ፊውዝ ይፈነዳና ፍንጣሪ ይበትናል። ዲጂታል መቆጣጠሪያው አንገቱ መቅጠኑን ከቮልቴጁ ለውጥ ያውቅና ከመበጠሱ በፊት ጅረቱን ይቀንሳል። ለዚህ ያለው ጊዜ ከሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። በመሆኑም ንድፍ አውጪዎች ሥራውን ይከፋፍሉታል፦ ፈጣኑ ፕሮሰሰር ጅረቱን፣ ዘገምተኛው የሠራተኛውን ሰሌዳና ከሮቦቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ይይዛል። የአርኩ ኤሌክትሪክ ረብሻ ልኬቱን እንዳያዛባም ማጣሪያና መከለያ ያስፈልጋል።

የኦስትሪያው ፍሮኒየስ በ1998 ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆነ የኃይል ምንጭ ለገበያ አቀረበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ሽቦውን በሰከንድ እስከ 70 ጊዜ ወደ ኋላ እየሳበ ጠብታውን የሚያላቅቅ ዘዴ አከለበት። ያም ሆኖ ቮልቴጅና ጅረት ብየዳው ምን ያህል ወደ ብረቱ ውስጥ እንደጠለቀ በቀጥታ አይናገሩም። ግፊት በሚሸከሙ ቧንቧዎችና ታንኮች ላይ ዛሬም ስፌቱ በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ ይመረመራል።