ቡፌ የሆነው የውስኪ በርሜል

የፈረንጆቹን የቤት ማስዋቢያ መጽሔቶች የሚያገላብጥ ሰው አንድ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። ያረጀ የውስኪ በርሜል ሆዱ ላይ በር ተከፍቶለት፣ ውስጡ መደርደሪያ ገብቶለት፣ ማጠፊያና እጀታ ተበጅቶለት ሳሎን ጥግ ቆሟል። ጠርሙስና ብርጭቆ ይደረደርበታል። በእኛ አነጋገር ቡፌ ሆኗል ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጣው ብርጭቆ የሚቆለፍበት፣ ያ እናቶቻችን የሚሳሱለት ቡፌ።

ዋጋውን ያየ ሰው "ለአሮጌ በርሜል ይህን ያህል?" ብሎ ማለፍ ይችላል። እኛ ግን አላለፍንም። በርሜሉ እዚያ ሳሎን ውስጥ እንዴት ገባ ብለን ጠየቅን። ጥያቄው ከፋሽን አልፎ ሩቅ ይወስዳል። ከበርሜሉ ጀርባ ሕግ አለ፣ ባርነት አለ፣ አንዲት ስመ ጥር ጋዜጠኛ አለች፣ ሥራቸውን ያጡ ሰዎችም አሉ። እስቲ በየተራ እንያቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ምስማር የሌለው ዕቃ

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ራሱ። የእንጨት በርሜል ምስማርም ኮላም ሳይኖረው የሚቆም ነገር ነው። 30 ገደማ የሚሆኑ የኦክ ሳንቃዎች መሐላቸው ሰፋ፣ ጫፋቸው ጠበብ ተደርጎ ይላጋሉ። በእንፋሎትና በእሳት ከለሰለሱ በኋላ ይታጠፉና የብረት ቀለበቶች በመዶሻ ይጠልቁባቸዋል። ፈሳሽ ሲገባበት እንጨቱ ያብጥና ክፍተቱን ራሱ ይደፍነዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሆዱ የተነፋውም ለውበት ተብሎ አይደለም። ዛሬ የአሜሪካ ውስኪ የሚቀመጥበት የተለመደው በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል። ባዶውን 50 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህን ማን ይሸከመዋል? በጎኑ ሲያስተኙት ግን መሬት የሚነካው ሆዱ ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው እያንከባለለ ይወስደዋል፤ በፈለገው አቅጣጫም ያዞረዋል። ክሬንና ፎርክሊፍት ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሮማውያን ወይናቸውን የሚያጓጉዙት እንደኛ ጋንና እንስራ በሸክላ ዕቃ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ያሉ ሰዎች ወይን በቀለበት በታሰረ የእንጨት ዕቃ እንደሚያስቀምጡ ጽፏል። በ113 ሮም ከተማ ላይ የቆመው የንጉሠ ነገሥት ትራጃን ሐውልትም በዳኑብ ወንዝ ላይ በርሜል የጫኑ ጀልባዎች ተቀርጸውበታል።

የእኛን ቀልብ የሳበው ግን ሌላ ነው። በብሪታንያ የሮማውያን ዘመን ፍርስራሾችን የቆፈሩ የታሪክ ተመራማሪዎች የውኃ ጉድጓድ ግድግዳ ሆነው የተቀበሩ አሮጌ በርሜሎች አግኝተዋል። ወይኑ ተጠጣ፣ በርሜሉ አልተጣለም፤ ክዳንና ታችኛው ተነቅሎ አፈሩ እንዳይናድ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ስለዚህ አሮጌ በርሜልን ሌላ ሥራ ማስያዝ ቢያንስ የ2,000 ዓመት ዕድሜ አለው። የሳሎኑ ቡፌ አዲስ ነገር የሚመስለው ለእኛ ብቻ ነው።

ያልተጻፉት እጆች

ለብዙ መቶ ዓመታት በርሜል ማለት ዛሬ ካርቶን፣ ጀሪካንና ኮንቴይነር የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ የሚሠራ ዕቃ ነበር። ዱቄት፣ ጨው የገባው ዓሣ፣ ምስማር፣ ባሩድ ሁሉ በበርሜል ይጫናል። ውስኪም ከተጫኑት አንዱ ነበር። ገና የወጣ ውስኪ እንደ አረቄያችን ነጭ ነው። ያ ወርቃማ ቀለምና ጣዕም የሚመጣው ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ በርሜል ዓመታት ሲቀመጥ ነው። ጠላና ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ጋኑን በወይራ የሚያጥኑት ያለ ነገር አይደለም፤ ዕቃው ለመጠጡ የሚሰጠው ነገር እንዳለ ያውቃሉ።

ታዲያ በርሜሉን ማን ሠራው? ውስኪውንስ ማን አወጣው? የአሜሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1797 በማውንት ቨርነን እርሻቸው ላይ ውስኪ ማውጣት ጀምረው ነበር። በ1799 ምርታቸው ወደ 11,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ41,000 ሊትር በላይ ደርሷል። ሥራውን የሚመራው ጄምስ አንደርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር። እሳቱን የሚያነደው፣ ጥንስሱን የሚያማስለው፣ በርሜሉን የሚሠራው ጉልበት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ጉልበት ነበር።

በቴነሲ ግዛትም እንዲሁ ነው። ጃክ ዳንኤል የሚለውን ስም የማያውቅ ጠጪ የለም፤ የማይጠጣውም ቢሆን ያውቀዋል። ጃክ ዳንኤልን ውስኪ ማውጣት ያስተማረው ኒርስት ግሪን የተባለ በባርነት የኖረ ጥቁር መሆኑን ግን ዓለም በሰፊው የሰማው ከ2016 ወዲህ ነው። ተማሪው ጠርሙሱ ላይ ከ100 ዓመት በላይ ሲጻፍ፣ አስተማሪው የአካባቢው ሰዎችና የቤተሰቡ ወሬ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? ታሪኩ ሲጻፍ ጋኑ ተጻፈ፣ ጠጠሩ ተረሳ።

አንድ ጊዜ ብቻ

አሁን ወደ ሕጉ። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሥራትና መሸጥ ከልክላ ነበር። እገዳው ሲነሳ በ1935 የመጠጥ ሕግ ወጣ፤ እሱን ተከትለው በ1930ዎቹ መጨረሻ የጸኑት ደንቦች ደግሞ ቦርቦን የሚባለው ውስኪ ምን እንደሆነ ወሰኑ። ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መቀመጥ ያለበት ውስጡ በተለበለበ አዲስ የኦክ ዕቃ ውስጥ ነው።

አዲስ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። ቦርቦን አንዴ የተቀመጠበት በርሜል ሁለተኛ ቦርቦን አይቀመጥበትም ማለት ናት። ለዛፍ ቆራጮችና ለበርሜል ሠሪዎች ከዚህ የበለጠ እንጀራ አልነበረም። እነሆ በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት አሜሪካ በየዓመቱ ገና ብዙ ዕድሜ ያላቸውን እጅግ ብዙ በርሜሎች ባዶ ታደርጋለች።

ባዶዎቹ የት ይሄዳሉ? አብዛኞቹ ባሕር ተሻግረው ስኮትላንድ ይገባሉ። የስኮትላንድ ሕግ ውስኪው ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ይቀመጥ ይላል እንጂ በርሜሉ አዲስ ይሁን አይልም። ስኮትላንዶች ቀድሞ ከስፔን ሼሪ የተባለው ወይን ተጭኖባቸው የሚመጡትን በርሜሎች ነበር የሚጠቀሙት። በ1980ዎቹ ስፔን ሼሪውን እዚያው በጠርሙስ አሽጋ መላክ ስትጀምር ያ ምንጭ ደረቀ፤ የአሜሪካው በርሜልም ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በሉዊዚያና የሚሠራው የታባስኮ ሶስም የተፈጨ ቃሪያውን የሚያስቀምጠው ባገለገሉ የውስኪ በርሜሎች ነው።

ስኮትላንድ የገባ በርሜል ደጋግሞ እየተሞላ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ውስኪ በእንጨቱ አልፎ ይተናል፤ እነሱ "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። በመጨረሻ እንጨቱ የሚሰጠው ጣዕም ሲያልቅ በርሜሉ ጡረታ ይወጣል። ግማሹ ተቆርጦ የአበባ መትከያ፣ ግማሹ ጠረጴዛ፣ ግማሹም ቡፌ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቡፌው የበርሜሉ ሁለተኛ ሕይወት ሳይሆን ሦስተኛው ነው።

የሙያ እህታችን ጣልቃ ስትገባ

የእንጨት በርሜልን ከዓለም ገበያ ካባረሩት መካከል አንዷ ጋዜጠኛ ናት ብንላችሁ ታምናላችሁ?

በ1859 ኤድዊን ድሬክ በፔንስልቬኒያ ዘይት ቆፍሮ ሲያወጣ ማስቀመጫ ስላልነበረ ሰዉ ያገኘውን የውስኪ በርሜል ሁሉ ይሞላ ጀመር። በ1866 የዘይት ነጋዴዎቹ መለኪያውን 42 ጋሎን አድርገው ተስማሙ። ዛሬም በዜና "የነዳጅ ዋጋ በበርሜል ይህን ያህል ገባ" ሲባል የምንሰማው መለኪያ ይኸው ነው፤ 159 ሊትር ያህል። እንጨቱ ግን ለዘይት አልሆነም፤ ያፈሳል።

ኔሊ ብላይ በ1887 እብድ መስላ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብታ የሕሙማኑን ስቃይ ያጋለጠች፣ ከ1889 እስከ 1890 ደግሞ ዓለምን በ72 ቀን የዞረች ጋዜጠኛ ናት። ከሀብታም የፋብሪካ ባለቤት ጋር ተጋብታ፣ በ1904 ባሏ ሲሞት የብረታ ብረት ፋብሪካውን ራሷ ያዘች። በ1905 የብረት በርሜል የፈጠራ መብት ተመዘገበ። ፈጠራው የሠራተኛዋ የሄንሪ ዌርሃን ነበር፤ መብቱን ወደ እሷ አዛወረ። ዛሬ ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው የእሷን ስም ይጠራል እንጂ የእሱን እምብዛም አያነሳም። የሙያ እህታችን ብትሆንም እውነቱን ሳንናገር አናልፍም።

ብረቱ መጣ። በ1903 የጠርሙስ መሥሪያ ማሽን ተፈልስፎ ጠርሙስ ረከሰ። በ1956 ማልኮም ማክሊን 58 ኮንቴይነሮችን መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ሂውስተን ላከ። ካርቶኑ፣ ፕላስቲኩ ተከተለ። የእንጨት በርሜል ሥራ የቀረው ዕቃው ጣዕም በሚሰጥበት ቦታ ብቻ ሆነ፤ በውስኪ፣ በወይንና በመሳሰሉት።

እኛ አገር በርሜል ሲባል የሚታየን ያ የብረቱ በርሜል ነው። እሱም ቢሆን ሥራውን ሲጨርስ አይጣልም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱና እዩ። ይቀደዳል፣ በመዶሻ ይዘረጋል፣ ምድጃ ይሆናል፣ ሌላም ሌላም ይሆናል። ልዩነቱ አንዱ መጽሔት ላይ "ጥበብ" ሲባል ሌላው "ቁራሌው" መባሉ ነው።

በሩ ሲከፈት

ወደ ቡፌው እንመለስ። በርሜል ቆርጦ በር ማውጣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሳንቃዎቹን የያዛቸው ምስማር አይደለም፣ ቀለበቶቹ ናቸው ብለናል። አንዱን ቀለበት በመጋዝ ብትቆርጡት እሱ የያዛቸው ሁሉ ይላላሉ። ስለዚህ የሚያውቅ ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት ቀለበቶቹን ከእያንዳንዱ ሳንቃ ጋር በብሎን ያስራል፤ በሩ የሚወጣበትን ቦታም ጭምር። ከዚያ በኋላ ነው መስመር የሚያሰምረውና የሚቆርጠው። አለበለዚያ እጁ ላይ የሚቀረው የሳንቃ ክምር ነው።

ሌላም አለ። በቅርቡ ባዶ በሆነ በርሜል ውስጥ የአልኮል ትነት አለ፤ ብረቱ ሲቆረጥ የሚፈናጠር ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አስቀድሞ ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። ደረቅ ቤት ውስጥ የቆመ በርሜል ደግሞ እንጨቱ ይኮማተርና ቀለበቱ ይንሸራተታል፤ ብሎኑ ለዚህም ይጠቅማል። የውስጡን ከሰል አንዳንዱ ፍቆ ያነሳዋል፣ አንዳንዱ በቫርኒሽ ሸፍኖ ይተወዋል። እኛ ብንጠየቅ ይተው እንላለን፤ የበርሜሉ ታሪክ ያለው እዚያ ጥቁሩ ላይ ነው።

የዚህ ሁሉ ታሪክ መጨረሻ ግን አያስደስትም። በኬንታኪ ግዛት የሚቀመጠው የቦርቦን በርሜል ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ያም ሆኖ በጥር 2025 ብራውን ፎርማን የተባለው የመጠጥ ኩባንያ በሉዊቪል ከ1945 ጀምሮ ሲሠራ የኖረውን የበርሜል ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። 210 ያህል ሠራተኞች ነበሩበት። ማሽን ቢበዛም ሳንቃዎቹን ስፋታቸውን በዓይን እየመጠኑ ቀለበት ውስጥ መደርደር የሰው እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። አንዱ በርሜል ሠሪ ፋብሪካው ተዘግቶበት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በርሜሉ ሳሎን ውስጥ በክብር ይቆማል። የእጅ ሥራ የሚደነቅበትና የእጅ ሠራተኛ የሚሰናበትበት ዘመን አንድ ላይ መጣ።

ቡፌ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ክዳኑ ላይ የታተመውን የውስኪውን ስም ነው። ታዋቂ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። በብዙ የአሜሪካ በርሜሎች ላይ ግን ሌላም ምልክት አለ፤ የብረት ቀለበቱን ጫፍና ጫፍ ያያያዘው ድፍን ምስማር አናት ላይ የበርሜል ሠሪው ፋብሪካ ፊደል ተመቷል። ከአዝራር አይበልጥም። በርሜሉን ያቆሙት ሰዎች ያስቀሩት ይህችን ፊደል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ቡፌ ካያችሁ መጀመሪያ እሷን ፈልጉልን።