ነገ እመልሰዋለሁ

ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል እኔ፣ የብራያን ሞሎኒን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልሰማው አልችልም።

ሞሎኒ በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ረዳት ሥራ አስኪያጅ ነበር። የቁማር ዕዳውን ሊከፍል ሐሰተኛ ብድር ጻፈ፤ ሲያሸንፍ ሊመልሰው። ተሸነፈ። የመጀመሪያውን ለመሸፈን ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ለመሸፈን ሦስተኛውን አከለ። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1982 ከ10 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ወሰደ፤ ገንዘቡም በአትላንቲክ ሲቲና በላስ ቬጋስ የቁማር ጠረጴዛዎች ላይ ቀለጠ። ያጋለጠው ኦዲተር ሳይሆን የአቋማሪዎችን ስልክ የጠለፈ ፖሊስ ነው። 6 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ቁማርና ምዝበራ እንዲህ ይጋባሉ፦ ደመወዝተኛ የመዘበረውን ሚሊዮን በደመወዙ አይመልስም፤ ተስፋው ዕድል ብቻ ነው። ዕድልም መወራረጃ ይሻል፤ መወራረጃው ደግሞ ያው ካዝናው ነው።