የጋሞ ደጋ ዱቡሻና እርጥቡ ሣር

የታሪክ ደብተራችንን ስንገልጥ ንጉሥና ጦርነት ነው የሚበዛው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ያለው የጋሞ ደጋ ግን ሌላም የሚነግረን አለው።

እንሰትና ገብስ አብቃዩ፣ ሸማ ሠሪው ጋሞ በየ«ደሬ»ው ራሱን ሲያስተዳድር ኖሯል። ካዎው ስለ አገሩ መሥዋዕት ያቀርባል፤ ሀላቃው ተመርጦ፣ ደግሶ ይሾማል፤ ነገር የሚቆረጠው ግን ዱቡሻ ላይ ነው፣ በሸንጎ። ይህም ሲባል ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከዱቡሻው ይገለሉ ነበር።

የሥርዓቱ መሠረት «ጎሜ» ነው። ደም ያፈሰሰ ወይም ነውር የሠራ ሰው ጥፋቱ በሱ ብቻ አያበቃም፤ ዝናብ ይቀራል፣ ሰብል ይጠፋል፣ ልጅ ይታመማል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ጥል የአገር ጥል ነው፤ ዕርቁም የአገር።

«ኋላ ቀር እምነት» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ታዲያ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።

ሣር እኮ ሣር ነው! ያን ጉልበት የሰጠው ዱቡሻ ላይ ሲሠራበት የኖረው ዕርቅ አይደለም ወይ?