የሊዌንሁክ ቡናና የኛ ድድ

የድድ በሽታን ታሪክ ሳወራ ሁሌ ከቡና ነው የምነሳው። የጅማ ሰው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ቡና እውነትም ታሪኩ ውስጥ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው።)

በ1683 አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ የሚባል የኔዘርላንድ ጨርቅ ነጋዴ በጥርሶቹ መሀል የተጋገረውን ነጭ ነገር በራሱ እጅ በሠራው ማጉያ መስታወት አየው። ጥርሱን በየጠዋቱ በጨው የሚፈትግ ሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ ጥቃቅን ፍጡራን ሲርመሰመሱ አገኘና ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። በ1692 እንደገና ቢፈልጋቸው ከፊት ጥርሶቹ ጠፍተዋል። ጠዋት ጠዋት የምጠጣው ትኩስ ቡና ፈጅቷቸው ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ከኋላ፣ ከመንጋጋ ጥርሶቹ መሀል ሲያይ ግን እንዳሉ ናቸው! ያኔ አውሮፓ የሚገባው ቡና በአብዛኛው ከሞካ ወደብ ይጫን ነበር፤ የዘሩ አገር ግን የኛው ደን ነው። መቼስ ደስ ይላል።

እነዚህ ፍጡራን ድድ እንደሚያስቆጡ በሰው ላይ የተፈተነው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1965 ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ 12 ጤነኞችን፣ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ጥርሳችሁን አታጽዱ አሏቸው። (እኔ ብያችሁ ቢሆን ትስማሙ ነበር?) ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ።

የሚገርመው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ብዙ ሰው "የጥርስ ትል" አጥንቱን ቦርቡሮ የሚበላው ይመስለዋል። አይደለም። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በድድና በጥርስ መሀል፣ ኦክስጅን በሌለበት ኪስ ውስጥ ይደበቃሉ። ሰውነት የሽፋናቸውን ስብርባሪ ሲያገኝ ይነቃል፤ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ ድዱ ያብጣል፣ ይደማል። ውጊያው ቶሎ ቢያልቅ ጉዳት የለውም። ይህ ባክቴሪያ ግን ተንኮለኛ ነው፤ መከላከያችንን ያወዛግበዋል እንጂ ጸጥ አያሰኘውም፤ ከቆሰለው ሥጋ የሚንጠባጠበው ቀለቡ ነዋ። ግርግሩ ሲከርም የገዛ ሴሎቻችን ራንክል የሚባል መልእክተኛ ያበዛሉ፤ እሱም ኦስቲኦክላስቶችን ይቀሰቅሳል። የነዚህ የዘወትር ሥራ አሮጌ አጥንት ማፍረስ ነው፤ ገንቢዎች ደግሞ ተከትለው ይሞላሉ። እዚህ ግን አፍራሹ በዛ፣ ገንቢው ዘገየ። ጥርሱን የያዘውን አጥንት የሚያፈርሰው የራሳችን ሰውነት ነው ማለት ነው።

በሁሉም ላይ ግን እኩል አይደርስም። የሎ ቡድን ከ1970 እስከ 1985 በስሪላንካ ጥርስ ማጽዳት ልማዳቸው ያልሆነ 480 የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ተከታተለ። የሁሉም ድድ የተቆጣ ነበር። ጥርሳቸውን የሚይዘው አካል በፍጥነት የጠፋባቸው 8 ከመቶ፣ ቀስ በቀስ የጠፋባቸው 81 ከመቶ ናቸው፤ 11 ከመቶዎቹ ግን ከድድ መቆጣት አላለፉም። ይህን ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር የሊሙና የጎማ ቡና ለቃሚዎች ይመጡብኛል።

እኛ ጋ "ጥርሴ በእርጅና ወለቀ" ይባላል። ድዱ ሲደማ ደግሞ ሰው መፋቂያውን ወይም ብሩሹን ያስቀምጣል፤ እንዳይብስበት ብሎ! ብዙ ጊዜ ስለማያም ጥርሱ እስኪነቃነቅ ዝም ይላል። መፋቂያን አልንቅም፤ ወይራም ሆነ ልምጭ በደንብ ከተያዘ ይጠርጋል። ግን አብዛኞቻችን የምንፍቀው ስንስቅ የሚታየውን በኩል ነው፤ ልክ እንደ ሊዌንሁክ ቡና መንጋጋው ጋ አይደርስም። ድንጋይ የሆነውን ቆሻሻ ደግሞ የጥርስ ባለሙያ ካልሆነ የሚያነሳው የለም።

አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ቦንጋ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ስኳር ያለበት ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሲመጣ ድዱንም እዩለት። በነሱ ላይ ይከፋል።