ዐዋጅና ሒሳብ በሄርማታ

ጅማ ከተማ ከመባሏ በፊት ገበያ ነበረች። ንጉሡ የሚቀመጡበት ግቢ በጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፥ ሕዝብ የሚገናኝበት፥ የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍበት፥ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ የሚሰማበት ስፍራ ግን ከኮረብታው በታች ያለው የሄርማታ ሜዳ ነበረ። ገበያውም በየሐሙሱ ይቆም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። ከሊሙ፥ ከጎማ፥ ከጉማ፥ ከጌራና ከከፋ የሚመጣው ሰው ቡናውንና ማሩን፥ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይዞ ይወርድበታል፤ ከጎጃም በኩል የመጣው ነጋዴም አሞሌውንና ጨርቁን ይዞ ይቀበለዋል። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር፤ የአገር ታሪክ የሚጽፍ ሰው መልካም መልካሙን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባውምና ይህም አብሮ ይነገር።

የዚህ ጽሕፈት አሳብ የጅማን ነገሥታት ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመተረክ አይደለም። የምንመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚህ አገር ሹሙ ለሕዝቡ ምን ይነግረው ነበር፥ ምንስ ሳይነግረው ይቀር ነበር የሚለው ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። ዐዋጅ የምንለው ቃል በግእዝ ዓዋዲ ከሚለው የወጣ ነው። ወላዲ በአማርኛ ወላጅ፥ ሰጋዲም ሰጋጅ እንደ ሆነ፥ ዓዋዲም እንዲሁ ዐዋጅ ሆነ። ነገር ግን ወላጅና ሰጋጅ ዛሬም የሰው ስም ሆነው ሲኖሩ፥ በዓዋዲ ግን ሌላ ነገር ደረሰበት። በግእዝ ዓዋዲ እየዞረ የሚናገረው ሰው ነው፤ በአማርኛ ግን ሰውዬው ጠፋና የተናገረው ነገር ብቻ በስሙ ቀረ። ዐዋጅ ነጋሪ ብለን ሌላ ነጋሪ ልንጨምርበት የተገደድነውም ስለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. የሰበካ ጉባኤን መተዳደሪያ ስታወጣ ቃለ ዓዋዲ ብላ መሰየሟ የጥንቱን ትርጓሜ ጠብቃ ነው። በኦሮሞም ዘንድ በገዳ ሥርዓት የተደነገገው ሕግ በጉባኤ ፊት በቃል የሚነገርበት ላለባ የሚባል ሥርዓት አለ። እንግዲህ ሁለቱም ወገን፥ ሕግ የሚጸናው በሰው ጆሮ ላይ ሲወድቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር ማለት ነው። ሒሳብ የሚለው ደግሞ ሐሰበ ከሚለው ግስ ጋራ ዝምድና አለው፤ ሐሰበ ማለት ቈጠረም አሰበም ማለት ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ በዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ሊሠራበት ይችላል፤ እኛ ግን ወደ ነገራችን እንመለስ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከኀምሳ ዓመት በላይ ጅማን ገዙ። ለዐፄ ምኒልክ በሰላም ገብተው በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ፥ አገራቸውን ግን ራሳቸው ያስተዳድሩ ነበር። ግዛታቸውም ስድሳ ያህል ቆሮ በሚባሉ ወረዳዎች ተከፍሎ፥ በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ የሚባል ሹም ተቀምጦበት ነበር። በድንበሩ ላይ ኬላ፥ በገበያው ላይ ቀራጭ ነበረ። ሄርማታ የደረሰ ነጋዴ ምን እንደሚከፍል ያውቃል፤ የከፈለው ገንዘብ ወዴት እንደ ሄደ ግን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ አገሩ ጠባብ ነውና ቀና ብሎ ወደ ጅሬን ቢመለከት አዳራሹንና የግብሩን ጢስ ያየዋል። ሒሳቡ በጆሮ ባይሰማም ጥቂቱ በዓይን ይታይ ነበር። ይህን የምለው የዱሮውን ለማመስገን አይደለም፤ በኋላ የመጣው ለውጥ ምን እንደ ነበረ እንዲታወቅ ነው።

አባ ጅፋር ባረፉበት ዘመን፥ በ1924 ዓ.ም. ገደማ፥ ጅማ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት እጅ ገባች። ከጥቂት ዓመት በኋላም ጠላት ወረራት። ኢጣልያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው መንገድና ሕንጻ ሠሩባት፤ ከተማውንም ለነጭ ለብቻ፥ ለአገሬው ለብቻ ብለው ከፈሉት። ስለዚህ ዘመን ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ወራሪ ለተወረረው ሒሳብ ይሰጣል ብሎ የሚጠብቅ የለምና።

ነገሩ የሚከብደው ከነጻነት በኋላ ነው። ጅማ በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በግንቦት 30 ቀን አዲስ ዘመን ጋዜጣ በአዲስ አበባ መታተም ጀምሮ ነበር። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥቱ ሕግ ሁሉ የሚወጣበት ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። ስሙን ያወጣለት ሰው ጥበበኛ ነው፤ ነጋሪት የዱሮው ዐዋጅ መንገሪያ ከበሮ ነውና። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለህ አስብ። ነጋሪት ቆዳ በነበረ ጊዜ በሄርማታ የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማው ነበር፤ የተማረውም ያልተማረውም፥ ባለ ቡናውም ባለ በቅሎውም። ወረቀት በሆነ ጊዜ ግን የሚሰማው ማንበብ የሚችለው ብቻ ሆነ። የተጻፈውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር፤ የጅማና የአካባቢዋ ሕዝብ የሚበዛው የሚናገረው ግን ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ መንግሥት ሕጉን ለማስፋት ባወጣው ዘዴ፥ ሕጉ ከብዙ ጆሮ ራቀ። ይህን ያደረገው ማንም በክፋት አይደለም፤ ነገር ግን የሆነው ይህ ነው።

በዚሁ ጋዜጣ በ1937 ዓ.ም. ቁጥር 74 የሆነው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ወጣ። የከንቲባነት ማዕርግ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ተለይቶ ተሰጠ፤ የሌሎቹ ከተሞች አለቃ የከተማ ሹም ተባለ። ዐዋጁን ላነበበው ሰው በውስጡ ትልቅ ተስፋ ነበረበት። ማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት እንዲኖረው፥ በምክር ቤቱም ከየሚኒስቴሩ እንደራሴዎች ጋራ በየዓመቱ የሚመረጡ ሰባት ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች እንዲቀመጡ ያዛል። መራጮቹ በከተማው ቤትና ርስት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጭሰኛው፥ ተከራዩ፥ በመጋዘን ቡና የምትለቅመው ሴት ግን ድምፅ አልነበራቸውም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ከተማው የሚያስገባውና የሚያወጣው ገንዘብ፥ ነዋሪው የሚከፍለውም ልክ፥ የሚጸድቀው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የጅማ ሒሳብ ተጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል እንጂ ወደ ሄርማታ አይወርድም። የሚወርደው ትእዛዙ ነው። ሰባቱ የተመረጡ ነዋሪዎች ስብሰባው ሲያበቃ ለመረጣቸው ሰው ምን ብለው እንዲነግሩ ዐዋጁ የጻፈላቸው ግዴታ አልነበረም።

በዚያው ዘመን የቡናው ገንዘብ እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። በብራዚል አገር በ1945 ዓ.ም. ክረምት የወደቀው ውርጭ የቡና ተክል አቃጥሎ ስለ ነበረ፥ በሚከተለው ዓመት የዓለም ዋጋ እጅግ ከፍ አለ። ይህም ከባሕር ማዶ የወደቀ ውርጭ በአጋሮ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፤ በሊሙና በጌራ የጭነት መኪና አስገባ። በ1950 ዓ.ም. የቡና ቦርድ ተቋቁሞ የቡናን ጥራትና ንግድ መቆጣጠር ጀመረ። ከተሞቹ ሰፉ፤ የቤትና የቦታ ግብር፥ የገበያ ቀረጥ፥ የንግድ ፈቃድ ክፍያ በዛ። አንድ የአጋሮ ነጋዴ በኒውዮርክ የቡና ዋጋ ስንት እንደ ዋለ ይጠይቃል፤ በደጁ ያለው መንገድ ለምን ጭቃ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅበት ወንበር አያገኝም።

ታዲያ የከተማው ወሬ በየት ይመላለስ ነበር ቢሉ፥ በቡና ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ማን ቦታ እንዳገኘ፥ የማን ቦታ እንደ ተነጠቀ፥ ማዘጋጃ ቤቱ ለማን መንገድ እንደ ከፈተለት ጎረቤት ለጎረቤት ይነጋገራል። ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ሐሜት ብለው ይንቁታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ሒሳብ በቡና ላይ ይጻፋል፤ ያን ጊዜም የሚጽፈው ሰው ቁጥሩን ስለማያውቀው አንዱን ዐሥር አድርጎ ይጽፈዋል። በደል የሌለበት ሹም በዚህ ይጎዳል፤ በደለኛውም ከዚያው ውስጥ ይሸሸጋል።

በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የቀበሌ ማኅበራትም ተቋቋሙ። ስብሰባው በዛ፤ ነገር ግን ያልመጣ ሰው ስሙ የሚመዘገብበት ስብሰባ ነበር። ነዋሪው በዚያ ከላይ የመጣውን ቃል ይሰማል፥ ያጨበጭባል፥ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዓዋዲው እንደ ገና ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ ሒሳቡ ግን ገና አልመጣም።

ሒሳብ በደጅ መለጠፍ የተጀመረው ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ነው። መሠረታዊ አገልግሎትን ለመጠበቅ በወጣው የመንግሥትና የለጋሾች መርሐ ግብር አማካይነት፥ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የበጀት ሰሌዳ መቆም ጀመረ፤ ለትምህርት ይህን ያህል፥ ለጤና ይህን ያህል እየተባለ ይጻፍበታል። በኦሮሚያም የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ፥ በነጋሪት ጋዜጣ ዘመን የነበረው የቋንቋ ግድግዳ ፈረሰ። ይህ መልካም ነገር ነውና ሳይመሰገን ሊታለፍ አይገባም። ቀጥሎም ቁጥር 590/2000 የሆነው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት ዐዋጅ ወጣ። በዚህ ዐዋጅ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ቢከለክል ምክንያቱን መግለጽ ይገባዋል፤ ቅር የተሰኘውም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ሠላሳ ቀን በሄርማታ አቈጣጠር አራት ሐሙስ ነው።

እንዲህ ያለው ሕግ በዓለም የመጀመሪያው የወጣው በስዊድን መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1766 ዓመት ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ኢዮአስ በጎንደር ላይ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ካህናት አንባቢዎቻችን የሚደነቁበት ነገር አለ፤ ለዚህ ሕግ ብዙ የደከመው ሰው አንደርስ ኪዴኒዩስ የሚባል፥ በዛሬዪቱ ፊንላንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረ ቄስ ነው። የነገሩም መነሻ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገሩ ሰዎች ከጥድ እንጨት ዝፍት አንጥረው ይሸጡ ነበር፤ ነገር ግን በራሳቸው ወደብ ወደ ውጭ እንዳይልኩ ተከልክለው፥ ትርፉ በዋና ከተማው በስቶክሆልም ነጋዴዎች እጅ ይቀር ነበር። ቄሱ ይህን ክልከላ ተከራክሮ ካስነሣ በኋላ፥ የመንግሥት ወረቀት ለሕዝብ ይገለጥ ወደሚለው ክርክር ገባ። ዝፍት ብሎ ቡና፥ ስቶክሆልም ብሎ አዲስ አበባ ለሚያነብ የጅማ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በአገራችንም የዋጋ ነገር ከሒሳብ ነገር ቀድሞ ተገለጠ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በየገበያው ከተማ የዋጋ ሰሌዳ አቆመ፤ በ929 ቁጥር ስልክ ለደወለ ገበሬም የዕለቱን ዋጋ አሰማው። አርሶ አደሩ በቡናው ጥላ ሥር ቆሞ የአዲስ አበባን ዋጋ መስማቱ ትልቅ ነገር ነበር። ይህ የሚያሳየው፥ ቁጥርን ከላይ ወደ ታች ማውረድ የማይቻል ሥራ አለመሆኑን ነው። ቡናው የተሸጠበትን ዋጋ ለገበሬው ማሰማት ከተቻለ፥ በገበያው በር የከፈለው ቀረጥ ስንት ሆኖ ተሰበሰበ፥ በምን ላይ ዋለ የሚለውን ማሰማት እንዴት ያቅታል?

ይህን የምንጠይቀው ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በብዙ ከተሞች ተጀመረ፤ በጅማም እንዲሁ። መንገዱ ሰፋ፥ የአዌቱ ወንዝ ዳር ተቈፈረ፥ ቤትና ሱቅም ፈረሰ። ከተማ ማማሩን የሚጠላ የለም፤ በአዌቱ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ ሽታውን ያውቀዋልና። ነገር ግን በቁጥር 1161/2011 የወጣው የካሣ ዐዋጅ፥ ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ሥራው ዓይነት፥ ስለ ጥቅሙና ስለ አካሄዱ እንዲመክሩት ያዛል። አንድ ዓመት ማለት መበለቲቱ ልጇን ሌላ ትምህርት ቤት የምታስገባበት፥ ባለ ሱቁ ዕቃውን የሚሸጥበት፥ ተከራዩ ሌላ ቤት የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ጠዋት ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ያየ ሰው ግን ዐዋጁን የሰማው ከቀለሙ ነው።

የበጀት ሰሌዳውም ዛሬ የሚቆመው በጽሕፈት ቤት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ወደዚያ የሚገባው ጉዳይ ያለው ሰው ነው፥ እርሱም ጉዳዩን እንጂ ሰሌዳውን አያይም። ቁጥሩም በጅምላ የተጻፈ ነው። በሄርማታ ገበያ መግቢያ ላይ ቢቆምና፥ በየወሩ አንድ ሐሙስ አንድ ሰው በኦሮምኛና በአማርኛ ቢያነበው፥ ንባቡ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። የሚነበበውም ከገበያው ቀረጥ የተሰበሰበው፥ ከቦታ ሊዝ የገባው፥ ለመንገዱ የወጣው፥ ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ስምና ያሸነፈበት ዋጋ፥ የፈረሰው ቤት ብዛትና የተከፈለው ካሣ፥ ያልተከፈለውም ነው።